በረንዳችን ላይ ስለተመዘገበው አሮጌ ዕቃ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
አራተኛ ፎቅ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለማኅተምዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ሊፍቱ ብቻ አሁንም አላገገመም። በሮቻችን በስድስት እርምጃ ብቻ ተራርቀው ሳለ ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የእርስዎም ደብዳቤ የደረሰኝ እዚያው ተለጥፎ፣ ጎረቤት ሁሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነውና አሠራሩን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ደግሞም ሦስት ጊዜ በርዎን አንኳኩቼ፣ በበሩ ቀዳዳ ዓይንዎን አይቼ ተመልሻለሁ። ዓይንዎ ደህና ናት።

ባለፈው ዓመት ይህን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስንከራይ፣ ደላላው ሰፈሩ የትልልቅ ሰዎች መሆኑን ደረጃ በወጣን ቁጥር ይነግረን ነበር። እኛን ያመጣን ግን የአንድ ሰው ጉልበት ነው። አባቴ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ሐኪሙ በየማለዳው ፀሐይ እንዲሞቁ አዘዘ። የቀድሞው ቤታችን ደግሞ ፀሐይ የሚያየው በቀን መቁጠሪያው ሥዕል ላይ ብቻ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከአቅማችን በላይ መሆኑን እያወቅን ለበረንዳው ስንል ፈረምን።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለተደረገልን መስተንግዶ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሁለተኛው መኝታ ቤት። አልጋ ከገባ ሰው አይገባም፤ ሰው ከገባ በሩ አይዘጋም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ቁም ሳጥን መስሏት ኮቷን ልትሰቅል ገብታ ነበር። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ አባቴ የሚተኙትም እዚያ ነው። አቤቱታ ሳቀርብ፣ በር እስካለው ድረስ ክፍል ነው ብለው ስለሰጡኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። በዚህ አያያዝ ማቀዝቀዣችን ሦስተኛ መኝታ ቤት መሆኑ ነው።

፪. ስለ ሊፍቱ። «በቅርቡ ይጠገናል» የሚለው ወረቀት ሁለት ጊዜ አርጅቶ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተክቷል። ማስታወቂያ በማደስ የሚተጋ ኮሚቴ ስላለን እድለኞች ነን። አባቴ ግን አራት ፎቅ መውረድ ስለማይችሉ፣ ከበረንዳው ሌላ ደጅ የላቸውም።

፫. የታጠበ ልብስ በረንዳ ላይ ማስጣት የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል ብለው ስለከለከሉን፣ ዜና የምንከታተለው የልጄ ካልሲ ቴሌቪዥኑ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ለዚህም እግዜር ይስጥልን።

፬. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የኮሚቴው ጸሐፊ በየወሩ ከመንገዱ ማዶ ቆመው በረንዳዎቻችንን በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ቅጽ ይሞላሉ። ወደ ላይ አይወጡም፤ ሊፍት የለማ። በዚሁ ምርመራ መሠረት የተለጠፈልኝ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይላል፦ «በብርድ ልብስ የተሸፈነ አሮጌ ዕቃ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተገኝቷል። በሰባት ቀን ውስጥ ካልተነሣ ኮሚቴው ያስነሣዋል፤ የኪራይ ውሉም እንዳይታደስ ለቤቱ ባለቤት ይጻፋል።» ፎቶውም ተያይዟል። ከብርድ ልብሱ ሥር ነጠላ ጫማ ይታያል። ነጠላ ጫማው ውስጥ የአባቴ እግር አለ።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ። ደብዳቤዎ ሲነበብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሰባት ቀን ሙሉ? ጡረታ ሲያወጡኝ እንኳ ሦስት ቀን ነው የሰጡኝ!» አሉ። አብረን ሳቅን። በማግስቱ ግን ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ምነው ስንላቸው ፀሐይዋ ታቃጥላለች አሉ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ አለ አሉ። አስፋልት በሚቀልጥበት ቀትር ቆመው መንገድ ያሠሩ ሰውዬ የማለዳ ፀሐይ አቃጠለቻቸው! በእኔ ሰበብ ልጆቼ ከቤት ይወጣሉ ብለው ፈርተው እንጂ ሌላ አይደለም። ጉልበታቸው ዳግመኛ እየተሳሰረ ነው፤ ማታ ማታ ሲያቃስቱ ይሰማኛል። ይህን ስጽፍ በንዴት እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ስለቀደደው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። እነዚያን ስድስት እርምጃዎች ተራምደው ለአባቴ «ወጣ ይበሉና ፀሐይዎን ይሙቁ» ይበሉልኝ። ወረቀት አያስፈልገውም፤ ማኅተምም እንዲሁ።

ከመሬት አራት ፎቅ ከፍ ብዬ፣ በእርስዎ ፊት ግን እስከ ወለሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
የአሮጌው ዕቃ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማዬን እንዳኖርኩ በር ተንኳኳ፤ እርስዎ መስለውኝ ደንግጬ ነበር። ወላጅ እናትዎ ናቸው። ወሬውን ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰምተው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ መጡ። «ልጄ የበረንዳ ገጽታ መመሪያ ነው ብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ካስቀመጠኝ ዓመት አለፈኝ፤ ሁለተኛ ወንበር አላችሁ?» አሉ። አባቴም እንግዳ ብቻዋን አትቀመጥ ብለው ወጡ፤ ይኸው ከአምስት ቀን በኋላ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ጸሐፊዎ ዛሬ ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ እንግዲህ ዕቃው ሁለት ሆኗል። የአንደኛው ባለቤት እኔ ነኝ፤ የሁለተኛውን እርስዎ ራስዎ ቅጹ ላይ ይሙሉልን።