በማርያም ዕለት የተጎዘጎዘው ጉድጓድ

ሰኔ ፳፪፣ ማክሰኞ ጧት፣ ዘመነ ሉቃስ

የጉድጓዱን ክዳን መለስኩ። ቄጤማውን ጠርጌ ጣልኩ። ድሩ አልተበጠሰም፣ የሽመና ዕቃዬ ደህና ነው። የሰው እግር ግን ተሰብሯል። ትናንት ምንም ሳልነግርሽ ያደርኩት ለዚህ ነው፣ ክርታሴ።

የማርያም ጽዋ ተራው የኔ ነበር። የሸማኔዎች ማኅበር በሙሉ ቤቴ። የዳቦ ማስቀመጫ አጣሁ። እግሬን ሰድጄ የምሸምንበትን ጉድጓድ የሚከድነውን ሳንቃ አነሳሁና ዳቦውን አሳረፍኩበት። የጉድጓዱ አፍ አስጠላኝ፤ አሮጌ የበግ ጠጉር ባና ዘረጋሁበት፣ በላዩ ቄጤማ ጎዘጎዝኩ። ቤቱ አማረ። እኔን ብሎ ባለሙያ!

ገበሬው ተክሌ ያዘዘኝን ባና ሊወስድ መጣ። ማኅበርተኛ አይደለም፣ የጉድጓዱን ቦታ በምን ይወቅ። ቤቶች ብሎ ገባ፣ አንድ ተራመደ፣ ወደቀ። ወጌሻው ከጉልበት በታች ነው፣ እስከ መስከረም አይረግጥም አለ። ሰኔ ነው እኮ! ገብሱ አልተዘራም፣ ልጆቹም አራት ናቸው።

ማታ

የተክሌ ወንድም ድልነሳሁ ከጭቃ ሹሙ ጋር መጣ። ካሳ ወይ ዋስ አሉኝ። ሁለቱም የለኝም። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ የባና ገበያው ቀዝቅዟል፣ ለሸማኔ ማን ዋስ ይሆናል? የኩታዬን ጫፍ ከድልነሳሁ ኩታ ጋር ቋጠሩት። ዋስ እስካገኝ ቁራኛዬ ነው። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ካሳውን ካጣሁ የሽመና ዕቃዬ ይሄዳል።

ሰኔ ፳፫፣ ረቡዕ

ድልነሳሁ ያንኮራፋል። ስዞር ይነቃል፣ ሲዞር እነቃለሁ። ወደ ጓሮ እንኳ አብረን። ሚስቴ ይርገዱ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ተቆጣኋት፤ በኋላ እኔም ሳቅሁ። አሁን ድልነሳሁ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ስምህን አልኩት። አሳየኝ አለ። አሳየሁት። ደጋግሞ አየውና ቀጭን ነው አለ፣ ቅር ብሎት።

ቀን ተክሌን ልናይ ሄድን። አልሰደበኝም። መሬቱ ጦም ሊያድር ነው ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ ፳፬፣ ሐሙስ

ተስፋዬ ማኅበሩ ነው። ቃል ኪዳን አለን፤ በየጽዋው ሁላችንም ገብስ እናዋጣለን። የአንዳችን ሥራ የሌላ ሰው አካል ወይም ከብት የጎዳ እንደሆነ ማኅበሩ ዋስ ይሆናል፣ ካሳውንም ከጎተራው ይከፍላል። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ፣ የማስቀምጠውም እኔ። ዲቁና የተማርኩት ለዚህ በጀኝ።

ዛሬ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ድልነሳሁን እየጎተትኩ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠልኝ። ግን ሁሉም የበዓል ቀን አልነበረም ወይ ይላል። ስለ በዓል የተጻፈ ነገር ነበር መሰለን፣ እሑድ መጽሐፉን ይዘህ ና፣ አንብበው፣ በቃ አሉኝ። በዳቦዬ የጠገቡት ሰዎች ናቸው እንግዲህ እንዲህ የሚሉኝ!

አያ ሞላ ቤት አልገባሁም። ለምን እንደሆነ ነገ።

ሰኔ ፳፭፣ ዓርብ

አያ ሞላ ከሁላችን ሽማግሌው ሸማኔ ነው። አምና ድር የሚያደራበትን ችካል ሳይነቅል ሰንበት ገባ። የጎረቤት በቅሎ በችካሉ ተደናቅፋ እግሯ ተሰበረ። ማኅበሩ ሊከፍልለት ሲል ተነስቼ በበዓል ቀን ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ የሥራ ጉዳት የለም አልኩ። አሜን አሉኝ። እዚያው ጻፍኩት፣ “በሰንበትና በበዓል የደረሰ ጉዳት ማኅበሩን አይመለከትም።” አያ ሞላ ስድስት በጉን ሸጦ ከፈለ። ያን ቀን ንግግሬ ጣፍጦኝ ነበር። አፈርኩ፣ ክርታሴ። ዛሬ ነው ያፈርኩት፣ የራሴ እግር ሲያዝ።

ሰኔ ፳፮፣ ቅዳሜ

መጽሐፉ ብራና ነው። ብራና ይፋቃል። አንድ መስመር። ከማኅበሩ ከኔ በቀር ፊደል የቆጠረ የለም። ቄሱም አንኮበር ወርደዋል። ቢላዋውን አወጣሁ።

ድልነሳሁ ምን ልታደርግ ነው አለ። ብዕር ልቀርጽ ነው አልኩት። ታዲያ ብዕሩ የታለ አለኝ። ይህ ሰው ማንበብ አይችልም የሚለው ማነው!

ቢላዋውን መለስኩ። እንዳለ አነብበዋለሁ። 

ሰኔ ፳፯፣ እሑድ ከሰዓት

አነበብኩት። ያቺን መስመርም አልዘለልኩም።  አያ ሞላ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። ቃል ሳያጎድል አብሮኝ አለው፣ በቃሉ ይዞታል። ዓመት ሙሉ!

ማኅበሩ አይመለከተንም አለ። መጽሐፉ ነው ያለው፣ እኔ ነኝ ያልኩት።  ለተክሌ ካሳ እንዲሆን መሬቱን አርሼ፣ ገብሱን ዘርቼ፣ አርሜ ላደርስለት ቆረጥኩ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀበሉ። ዋሱ ማነው አሉ። አያ ሞላ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። እኔ ነኝ አለ። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው።

ደጅ ላይ እግሩን ልስም ጎነበስኩ። ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። አንተን ወድጄ አይደለም፣ የኔ ዓይነት ቀን በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው አለኝና ሄደ።

ማኅበሩ ያችን መስመር አሁኑኑ ፋቃት አለኝ፣ ሁላችንንም ታሰጋለች ብሎ። አልፍቅም አልኩ። መጀመሪያ የአያ ሞላ ስድስት በግ ይመለስ፣ ከኔ ድርሻ ይጀመር። አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ነገ አማኑኤል፣ ማግስቱ በዓለ እግዚአብሔር፣ ረቡዕ ዮሐንስ። አይታረስም። ሐሙስ እጠምዳለሁ። እርፍ ይዤ አላውቅም። ድልነሳሁ ተፈቶም አልሄደም፤ ሸማኔ ሲያርስ ሳላይ አልሄድም ብሎ መደቡ ላይ ተኝቷል። ሐሙስ ጧት ከመጥመዴ በፊት ግን ለዳቦው ሌላ ሳንቃ እጠርባለሁ፣ የጉድጓዱ ክዳን ዳግም እንዳይነሳ።