ወንዙ ሲጎድል የምንዘራው

ውድ እታለም ማኒዋን፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ባልሽ አጠገብሽ ካለ እስኪወጣ ጠብቂ። ስልክ ያልደወልኩልሽ እማ ስለምትሰማን ነው። ጆሮዋን ታውቂው የለ፣ ጎረቤት ቤት ዓሣ ሲጠበስ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ ሳይቀር ከዚህ ሆና ትናገራለች።

ባለፈው አዲስ ዓመት መጥተሽ ማንጎው ሥር የተቀመጥሽውን ታስታውሻለሽ? የጉንዳን እንቁላል ሾርባ ሠራሁልሽ፤ ያንን እንቁላል ለማውረድ ዛፍ ላይ ወጥቼ አንገቴ ድረስ ተነክሼ ነበር። ጠጥተሽ ስትጨርሺ ጓሮውን ዞር ዞር ብለሽ አየሽና “ታድለሽ እህቴ ላ፣ ሁሉ ነገር ከደጅሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ኑሮ አለ?” አልሽኝ። ፎቶም አነሳሽ። እኔ ፈገግ ብዬ ቦርሳሽን በርበሬ ሞላሁልሽ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤትሽ ወደ ቪየንቲያን ተመለስሽ። አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ሳይ አንጀቴ አርሮ ነበር እታለም፣ ዛሬ ልንገርሽ። ቦርሳሽ ውስጥ በበርበሬው ፈንታ ራሴን ከትቼ ብልክ ደስ ባለኝ።

የፎቶሽ ጓሮ በእኔ በኩል ሲታይ እንዲህ ነው። ማታ ሩዙን እዘፈዝፋለሁ፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ በቀርከሃው ወንፊት በእንፋሎት አበስላለሁ። እማን ደግፌ መንገድ ዳር አወጣታለሁ፣ መነኮሳቱ ሲያልፉ ከሩዙ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች ምጽዋት እንድትሰጥ። ከዚያ ውሃ። አርባ አንድ ደረጃ ወደ ወንዙ፣ አርባ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ እንጨት፣ በእንጨቱ ግራና ቀኝ ባልዲ። ዝናብ ሲመጣ እንጉዳይ ለቀማና የቀርከሃ ቡቃያ መቀቀል፣ ያውም ምሬቱ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ። ብርድ ሲገባ ዓሣ በእንስላል። በሙቀቱ የጉንዳን እንቁላል። ዓሣው የሚከርምበትን ጋን በየሳምንቱ ማማሰል። ሥራውን ጠልቼው አይደለም። እንደውም እጄ ይወደዋል። ግን ከእናንተ ውስጥ አንድ ቀን “ላ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ?” ብሎ የጠየቀኝ የለም። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ነኝ፣ እንደ ወጉ ቤቱ ለእኔ ነው፣ ከቤቱ ጋር እናታችን፣ አለቀ። አንቺ አግብተሽ የራስሽን ጎጆ ስትወጪ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ተፈርዶብኝ አለቀ። አሁን ሠላሳ አራት ሞላኝ።

በጀልባው እሽቅድምድም በዓል ጊዜ ወይዘሮ ፒላዋን የምትባል ሴት ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ሉዋንግ ፕራባንግ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ዓሣዬን በላች። የሩዙን ሙዳይ ጠርጋ ጨረሰችና “ይህን የሠራችው ማናት?” አለች። እኔን አሳዩዋት። “ከወጥ ቤቴ ጀርባ ጓሮ አለኝ፣ የሚያበስለውን ራሱ የሚያበቅል ሰው ነበር ስፈልግ የኖርኩት፣ እስከሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ የሥራ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ” አለችኝ። የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ። እታለም፣ ልቤ እንዴት እንደተሰቀለ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለእማ መናገር አቅቶኝ ምላሴ ላይ ይዤው ዞርኩ። እንዴት ብዬ ልናገር? ጉልበቷ ተይዞ ከተቀመጠች አራት ዓመት። “ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ” ብላ ከተቀመጠች ወዲህ ማታ ማታ ዝንጅብል አሙቄ የማሸው እኔ ነኝ። ትቻት ብሄድ ማን ያነሳታል?

በአሥረኛው ቀን እንስላልና ጠጅ ሣር ይዤ ገበያ ወጣሁ። የመንደሩ ሴት ሁሉ ድግስ ነበረባትና ገና በጠዋቱ ተሻምተው ወሰዱልኝ። ያለወትሮዬ ረፋድ ላይ ተመለስኩ። እማ ቤት የለችም። ክው አልኩ። ወደ ወንዙ ሮጥኩ፣ ወድቃ ይሆናል ብዬ።

ምን ወድቃ። ታች፣ ውሃው ቀድሞ በለቀቀው መደብ ውስጥ ቁጢጥ ብላ አረም ትነቅላለች! ቁጢጥ ብላ! ዱላ የለ፣ ደጋፊ የለ። አንዱን መስመር ጨርሳ ቀጥ ብላ ተነሳችና ደረጃውን እንደ ልጃገረድ መውጣት ጀመረች። ከላይ ቆሜ ቁልቁል አያታለሁ። እሷ ግን ቀና አላለችም።

ደሜ ፈላ። “ጉልበትሽ ዳነልሽ እንዴ?” አልኳት።

ባለችበት ቆመች። “ላ፣ በጊዜ መጣሽ” ብቻ አለች።

ከዚያ ያልተናገርኩት ነገር የለም፣ ላስተባብል አልችልም። አራት ዓመት ዝንጅብል ሳሽልሽ በሆድሽ ትስቂብኝ ነበር አልኳት። እንዳልሄድ ነው የታመምሽው አልኳት። እኔ ልጅሽ ነኝ ወይስ ባልዲ ተሸካሚሽ አልኳት። የወይዘሮ ፒላዋንንም ነገር ያኔ ዘረገፍኩት፤ ፈርቼ ሳይሆን በንዴት።

“መቼ ነው የምትሄጂው?” አለችኝ።

“ከነገ ወዲያ።”

“ደግ። ሂጂ።”

በመሄጃዬ ቀን ስነሳ ሩዙ በስሎ ጠበቀኝ። ራሷ ነበረች ያበሰለችው። ዓሣውንም በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ጠብሳልኛለች። አኩርፌ ስለነበር አላመሰገንኳትም። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝና የክር ሙዳይዋን ሳበች። መንገደኛ ክር ሳይታሰርለት እንዴት ይወጣል? ቀኝ እጄን ተቀብላ ከአንጓዬ ላይ ክሩን እየጠመጠመች መረቀችኝ። “በአካልሽ ያደሩት ሠላሳ ሁለቱም ነፍሶችሽ አብረውሽ ይሂዱ፤ በጫካ የቀረች ካለች ትመለስ፣ በውሃ የቀረች ካለች ትመለስ።” ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልቁል እጄን አየሁት።

ክሩ ጥቁር ነበር።

ጥቁር ክር እታለም። ነጭ ነው የሚታሰረው፤ ይህን ጡት ያልጣለ ልጅም ያውቀዋል። ጥቁር ክር ለመንገደኛ ያሰረ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ረገመችኝ፣ የገዛ እናቴ በምርቃት መሐል ረገመችኝ አልኩ። በጥሼ ልጥለው ጣቴን ስሰድ እሷ ቋጠሮውን መታ መታ አድርጋ “ከቤተ መቅደስ ከመጣው ነው ያሰርኩልሽ። ሦስት ቀን አይፈታም፤ እስከዚያ እንዳይቆሽሽብሽ፣ ነጭ ነገር ቶሎ ያድፋል” አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። ወደ እኔ ነበር የዞረው፣ ግን ወደ እኔ አልነበረም። ትከሻዬን አልፎ የበሩን መቃን ያያል። ጸጥ ብዬ ከሩዙ ቆነጠርኩና አንከባልዬ አፍንጫዋ አጠገብ፣ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ያዝኩላት። አላየችውም። ፈገግ ብላ በሩን ማየት ቀጠለች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት።

“ምኑ?”

“ዓይንሽ።”

ያሰረችልኝን ክር በጣቷ ዳሰሰችና “ምን ቀለም ነው?” አለች። አልመለስኩላትም። መልሱ ከዝምታዬ ገባት፤ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ ትለኝ ጀመር። እኔን! ይቅርታ የምትጠይቀው እኔን!

አራት ዓመት ሆኗታል። ጥላ ጥላ ይታያታል፣ ሌላ ምንም። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር። “ለምን ጉልበቴ አልሽ?” ስላት “ጉልበቷን ያመማት አሮጊት ደገፍ ያደርጓታል። ዓይኗ የጠፋን ግን እንደ ዕቃ አንስተው ያስቀምጧታል” አለችኝ። አንቺን ነው የፈራችው፣ አትቀየሚኝ። ማኒዋን ካወቀች ከተማ ወስዳ ሲሚንቶ ላይ ወንበር ትዘረጋልኛለች፣ አፈር በሌለበት ዕውር ሆኜ ምን ልዳስስ ነው ያለችው። እዚህ ደረጃውን ቆጥራ ታውቀዋለች፤ ድንብላሉን ከሰላጣው በመዳፏ ትለያለች።

ታች ምን ትሠራ እንደነበርም ነገረችኝ። ገበያ በሄድኩ ቁጥር ትወርዳለች። ስትወድቅም ኖራለች፤ እግሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ። “አንቺ አንድ ቀን መሄድሽ አይቀርም። ብቻዬን እንድችል እየተለማመድኩ ነው” አለችኝ።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ የሉዋንግ ፕራባንግ ጀልባ ልሳፈር? ጀልባው ጡሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። እሷ ሂጂ ትላለች፣ ሂጂ ባለች ቁጥር እግሬ ይበልጥ ይታሰራል። አስመስላ ያስቀረችኝ ሲመስለኝ መሄድ እችል ነበር። በንዴቴ ሳለሁ በሩ ክፍት ነበር። አሁን በሩ ክፍት ሆኖም መውጣት አቃተኝ። ማታ ጣራውን እያየሁ አነጋለሁ። እወዳታለሁ፣ እጠላታለሁም። ይህን የምነግርሽ አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው።

ሐኪም አሳይቻታለሁ። ወጣቱ ሐኪም ከዓይኗ ጀርባ ያለው ነርቭ ደርቋል፣ አይመለስም አለ። እማ ለአንቺ እንዳልናገርም አስምላኛለች። መሐላዬን ይኸው አፈረስኩት።

ወይዘሮ ፒላዋን ጉዳዬን በሰው ስልክላት ደግ ሆነች። ለጊዜው አንዲት ልጅ አስገብቻለሁ፣ ከሁለት ወር በላይ ግን ቦታው አይቆይሽም አለች። ወንዙ ይበልጥ ጎድሎ የታችኛው መደብ ከውሃው ሲወጣ ዘር ይዤ ወረድኩ። በየዓመቱ ከምንዘራው ሁሉ መርጬ ሰላጣ፣ ድንብላልና ሰናፍጭ ብቻ ዘራሁ። ሦስቱም በአርባ ቀን የሚደርሱ ናቸው። ቲማቲም አልተከልኩም፤ ረጅሙን ባቄላም በርበሬውንም አልነካሁም።

ትናንት እማ አብራኝ ወረደች። ቡቃያው ላይ መዳፏን እየሳበች ከመስመር መስመር ሄደች። ከመጨረሻው መደብ ጫፍ ስትደርስ እጇ ባዶ አፈር ላይ አረፈ።

“በርበሬው የታለ?”

“አልተከልኩትም።”

ገባት። ሁሉን ነገር ነው የገባት፤ አርባውንም ቀን ቆጠረችው። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። “ዘሩን አምጪው። በርበሬውን እኔ እተክለዋለሁ። አንቺ ሂጂ።”

አመጣሁላት። በስንዝሯ እየለካች፣ በጣቷ እየወጋች፣ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ እየጣለች ተከለችው። መስመሩ ከእኔው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ፤ ለእሷ ያም ይሰማታል። ዞር ሳትል “አፈሩ እርጥበት አለው፣ ውሃ መጨመር አያስፈልግም” አለችኝ።

እታለም፣ ልጆችሽ አግብተው ወጥተዋል፣ ባልሽም ጡረታ ላይ ነው። ውሰጃት አይደለም የምልሽ። ነይ ነው። ፎቶ ያነሳሽው ጓሮ ውስጥ ገብተሽ ኑሪበት። ሰላጣው የሚደርስበት ቀን ጀልባ ላይ እንደምወጣ ለራሴ ምያለሁ፤ መሐላ ስጠብቅ እንዴት እንደሆንኩ ግን ከላይ አይተሽዋል። በርበሬው ሦስት ወር ይፈጃል። ሲደርስ፣ የቀላውን ከአረንጓዴው ማን ይለይላታል?

እህትሽ
ላ