አርባ ስድስት ዓመት በጋሪ ነጂነት የኖሩት የእትዬ ዝግታ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ዝግታ ከጋሪ ነጂ አባታቸውና የፈረስ ዕቃ ቆዳ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ሚያዝያ 3 ቀን 1938 ዓ.ም. ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ አንዱ ግድግዳ የፈረሱ ጋጣ ግድግዳም ስለነበር፣ በሕፃንነታቸው አልተኛም ሲሉ ዝም የሚያሰኛቸው ፈረሱ ገለባ ሲያኝክ የሚሰማው ድምፅ እንደነበር እናታቸው ያወሩ ነበር። “ዝግታ” ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ተሳፋሪዎቻቸው የሰጧቸው ነው። በመታወቂያቸው ካለው ይልቅ በዚህ ሲጠሩ ደስ ይላቸው ስለነበር ቤተሰቡ እዚህም እንዲጻፍ መርጧል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ትምህርታቸውን አቋረጡ፤ የአባታቸው ዓይን ማየት ማቆሙ ነበር ምክንያቱ። አባታቸው ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያችው ጋሪ ነበርና። እትዬ ዝግታ ከነጂው ወንበር ላይ ከአባታቸው ጎን መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ጊዜ በክርን ጎሸም ማለት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ፣ ክንድ መያዝ ደግሞ ቁም ማለት ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

በ1956 ዓ.ም. አንድ ጠዋት እትዬ ዝግታ ዘወር ብለው የአንዲት አሮጊት ጥቅል ሲያነሱ፣ የጋሪው ጎማ መንገድ ዳር ከተደረደሩ ሣጥኖች ላይ ወጣ። ጋሪው አጋደለ እንጂ አልተገለበጠም፤ የተጎዳም ሰው የለም። አባታቸው ግን ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻሉም። ተነሥተው ቆሙና ለተሳፋሪዎቹ፣ “ሁለት ዓመት ሆነኝ ካላየሁ። ስትነዳችሁ የኖረችው ልጄ ናት። መውረድ የፈለገ ይውረድ” አሉ። የዘወትር ደንበኛቸው የነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ፣ “እኛማ ካወቅን ሰነበትን። ይልቅ ልጓሙን ስጧትና እንሂድ፤ ሥራ ረፈደብን” ብለው መለሱ። የወረደ አልነበረም። እትዬ ዝግታ ያን መንገድ ሁሉ እያለቀሱ እንደ ነዱት፣ ደግነቱ ፈረሱ መንገዱን ያውቀው እንደነበር ኋላ ላይ ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የነጂነት ፈቃድ ለማውጣት ቢሄዱ ጸሐፊው፣ “ለሴት ሰጥተን አናውቅም” አላቸው። “እንግዲያው አሁን ሰጥታችሁ እወቁ” ብለው ከበሩ ሥር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ቁጥር 27 የሚል ሰሌዳ ይዘው ወጡ።

በ1961 ዓ.ም. የፈረስ ጫማ ከሚመቱት ቀጥቃጭ ጋር ትዳር መሠረቱ። ከጋብቻው በፊት በነበረው ዓመት ቀጥቃጩ ጫማው ላላ እያሉ ስለሚያስጠሯቸው፣ ያ ፈረስ የሦስት ፈረስ ጫማ ቀይሯል ይባላል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ባለቤታቸው በ1989 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩአቸው ድረስ በፍቅር ኖሩ።

እትዬ ዝግታ ለፈረስ የነበራቸው ትዕግሥት ለሰው አልነበራቸውም። ወንድ ልጃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ሆኖ የእሳቸውኑ መስመር ሲይዝ ስምንት ወር አላነጋገሩትም። በዘጠነኛው ወር ሳይነግሩት ተሳፍረው ከኋላው ተቀመጡ። መጨረሻው ጣቢያ ሲደርሱ፣ “ደህና ትነዳለህ። መታጠፊያ ላይ ትቸኩላለህ እንጂ” ብለው ወረዱ። ማታ እራት አብረው በሉ።

በ1994 ዓ.ም. ጋሪ በዋናው መንገድ እንዳይሄድ ሲከለከል፣ ከጋሪ ነጂዎች ማኅበር ስድሳ ሁለት ጋሪዎች አራት ብቻ ቀርተው ነበር። እትዬ ዝግታ ሦስቱን ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ማዘጋጃ ቤት ገቡ። ክልከላው ይነሣ አላሉም፤ ከገበያው ጀርባ ወደ ሐኪም ቤቱ የሚወስደው መንገድ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ኃላፊው ፋንድያውን ማን ያነሣዋል ሲሏቸው፣ “እኛ እናነሣለን፤ የሚሄደው ፈረስ ነው፣ መልአክ አይደለም” አሉ። መንገዱ ተፈቀደላቸው፤ ዛሬም የጋሪ መንገድ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ከመስመር ሥራ ሲያርፉ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ፈረስ ሲያጥብ፣ ኮቴ ሲጠርግና የቆዳ ዕቃ ቅባት ሲቀባ ይሰነብታል እንጂ ልጓም አይነካም። ካስተማሯቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች መካከል አንዲት ነርስና አንድ ጡረተኛ የባንክ ዘበኛ ይገኙበታል። ዛሬ በከተማው መናፈሻ ዙሪያ የሚሠሩት ስድስት ነጂዎች በሙሉ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። የጋሪን ታሪክም ከአባታቸው እንደ ሰሙት ያስተምሩ ነበር፤ የብረት ቀለበት የለበሰው የእንጨት ጎማ አንጀት እንዴት ይበጠብጥ እንደነበር፣ የመኪና ጎማ ሲመጣ ተሳፋሪው እንዴት እንደ ተገረመ። የከተማው ሙዚየም አንድ ጥንታዊ ሠረገላ ከፈረስ ምስል ጋር ለዕይታ ሲያቀርብ ተጋብዘው ሄደው፣ “ይኼ ፈረስ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው?” ብለው ጠየቁ። የፈረሱ ዕቃ የተገጠመው ተገልብጦ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው አስተካከሉት።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ታላቋ ልጃቸው አሁንም ጋሪ የምትጎትተውን ባዝራቸውን በመስኮት እንዲያዩአት ላምጣልዎት ብትላቸው፣ “በሥራ ሰዓት?” ብለው ከለከሏት። ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እትዬ ዝግታ የሦስት ልጆች እናትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። ስንቱን መንገደኛ ከደጁ ያደረሱትን እናታችንን አምላክ ወደ ዕረፍታቸው በሰላም ያድርስልን፤ እኛንም ያጽናናን።