አባባ ከጮማ ሲለያዩ

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የባልሽ ሳል ለቀቀው ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ደግሞ እንደ ባለፈው ለወጉ ያህል አይደለም፤ አባባ ተሽሏቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናውም ቀርቷል። ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው ይህን ከላይ የጻፍኩት፤ አሁን አረፍ በይና ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

ያን ሰሞን ደረታቸውን ጨምድዶ ሲይዛቸው፣ የልባቸው ደም ሥር በስብ መጥበቡን ሐኪሟ እንደነገረችን ሰምተሻል። መድኃኒት ጀምረው ምግባቸውን ይለውጡ፣ ሕመሙ ካልቆመ ግን ቀዶ ሕክምና አይቀርም አለችን። ቅቤና ጮማ ቀርቶ አሰር የበዛበት ይሁን፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ ከነልጣጩ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ። ይህ ሁሉ የሚነገረው እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ ሲሸጡ ለኖሩ ሰው ነው። አባባ ሰምተው ሰምተው፣ በሬውን ያረድኩት እኔ፣ ሳሩን የምበላው እኔ ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

የቤቱ ኩርፊያ አይነሳ። ባለቤቴ ለእሳቸው ብቻ ለይቼ ብሠራ ቅጣት ይመስላቸዋል ብላ የሁላችንንም ድስት ለወጠችው። መጀመሪያ ላይ ሆዳችን እንደ ከበሮ ተነፋ፤ አሰሩ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው፣ ውኃም ጠጡበት ብላ ሐኪሟ ስትነግረን ነው የተረጋጋው። አባባ ግን ምስሩን በማንኪያ ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትቱት ቆይተው፣ ጠገብኩ ብለው ይነሳሉ።

አንድ ቀን ከቤት ጠፉ። የት እንደሄዱ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም፤ ቀጮ ዘንድ ነው። ያ አባባ ቢላ አያያዝ ያስተማሩት ሰው፣ ዛሬ የራሱ ሥጋ ቤት አለው። ተከትዬ ስደርስ ባንኮኒው ፊት ቆመው ጮማውን በጣታቸው እያሳዩ፣ ከዚህ ቁረጥልኝ ይሉታል። እሱ ግን ከታፋው ቀዩን ብቻ አወጣ። የቀረችውን ነጭ ክር ሳይቀር በቢላው ጫፍ ገፎ ጣላትና መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጠቀለለላቸው። አባባ ቱግ አሉ። ቀጮ አንገቱን ደፍቶ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ያስያዙኝን ቢላ በእርስዎ ላይ አላነሳም» አላቸው።

አባባ ጥቅሉን ከባንኮኒው አነሱ። ቤት ሲገቡ ለባለቤቴ እየሰጧት፣ «ከጎመን ጋር አድርጊው፤ ጎመኑ ይብዛ» አሏት። እሷም እሺ ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህማ ገበያውን ለማንም አይሰጡም። ባቄላውን እንደ በሬ ጥርስ ነው የሚመረምሩት። ጥቁር ዳቦ ነው ቢሏቸው ገምሰው ገለባውን ካላዩ አያምኑም፤ ቀለም ብቻ የሆነ አለ ይላሉ። የእርጎው ዕቃ ላይ የተጻፈውን የቅባት መጠን ልጄ ታነብላቸዋለች። ጮማን ረስተውታል ብዬ አልዋሽሽም፤ በሥጋ ቤት በር ስናልፍ እርምጃቸው ይከብዳል። ግን ያልፋሉ።

ትናንት ሐኪሟ የደም ውጤታቸውን አየች። ስቡ ወርዷል፣ ሕመሙም አልተመለሰም፤ መድኃኒቱና ምግቡ አይቋረጥ እንጂ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም አለችን። እኔ ደጋግሜ አመሰገንኳት። አባባ ግን ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። ገና ነኝ ብትላቸው ከኪሳቸው ፖም አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት። «ታዲያ እንዳትልጪው» አሏት።

ባለቤቴ እጅ ትነሳሻለች። ልጄ ጉንጭሽን ስማለች። ለባልሽ፣ ለአማትሽ፣ ለልጆችሽም አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባ፣ ሳታለቅስ ታንብበው ብለዋል። እኔ ግን ደስ እንዳለሽ አልቅሺ እላለሁ፤ እኔም ስጽፈው እንባዬን መግታት አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ቤታችን
ሚያዝያ ፲፪ ቀን