ዶሮዋን እንዳታርዳት

ወንድም ዓለም፣

መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንዳትደነግጥ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ቀይዋ ዶሮ ናት። ያ «ዝንብ እንኳ አይነካም» የምትለው ውሻህ ጀርባዋን ቦጭቆታል። ደሙን አቁሜያለሁ፤ ሥራ ስለረፈደብኝ የቀረው ያንተ ነው።

በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ ፂምህን በምታስተካክልበት መቀስ ከርክመው።
(እኔም ጀምሬበታለሁ።)
ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥበህ ማር ቀባው። «ባህር ማዶ ሄደሽ የተማርሽው ይሄን ነው?» እንዳትለኝ። እዚያ የተማርኩት ድልድይ መሥራት ነው፤ ማሩን ያዘዘችው የእንስሳት ሐኪሟ ናት።

ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅላት። ዶሮ ቁስል ካየ እዚያው ላይ ይነቁራል፣ ልክ እንደ ዘመዶቻችን።

ለዶሮ ቤቱ በር ስለሠራሁት አዲስ መቀርቀሪያ አሁን ባናወራ ደስ ይለኛል። ውሻ በአፍንጫው ገፍቶ ይከፍተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ደግሞ «ከምትሰቃይ ትታረድ» እንዳትል፤ አውቅሃለሁ። ከመጣሁ ወዲህ በዚህ ግቢ «መቼ ነው ተመልሰሽ የምትሄጂው?» ብላ ያልጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

ለማንኛውም ቢላዋውን ይዤው ወጥቻለሁ።