ባንኮኒውን ከወለሉ ጋር ሳስረው

ሰኞ፣ የካቲት 3
ብርድ። ዳኑብ ወንዝ በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም። ቁርስ እርጎና የትናንት ባኒጻ፣ አይብ የገባበት ቂጣ። ባሌ ፓንተሌይ ግማሹን በላልኝ። በስትሮክ ተኝቶ ከሆስፒታል ከወጣ ዛሬ ሃያ ስምንት ቀኑ። ቀኝ እጁ አሁንም እንደ ደረቀ ነው። ከአፉ የሚወጣው “አይ” እና “ሴቭዳ” ብቻ። ሴቭዴሊናን ሲያቆላምጥ ነው። ስሜን ካልረሳ ሌላው ይደርሳል...

መራመድ የምታለማምደው ልጅ መጣች። “ይዞት የሚነሳበት ነገር ይፈልጋል። ይሄ ባንኮኒ ቁመቱ ልኩ ነው” አለች። ኩሽናው መሀል የቆመውን ማለቷ ነው። ፓንተሌይ ራሱ ነው የሠራው። ከወለሉ ጋር ሳያስረው ታመመ።

ያዘው። ተነሳ። ባንኮኒው ተንሸራተተ! ሁለታችን ብብቱ ሥር ገብተን አተረፍነው። አልወደቀም። ግን ፊቱ... በገዛ ሥራው የተከዳ ሰው ፊት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ወንድሙን ኪሪልን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ራሱን አከከ።
“እትዬ፣ ከሴራሚኩ ሥር እኮ የማሞቂያ ቧንቧ አለ። አንዱን ከበሳሽው ኩሽናሽ ሐይቅ ነው። እኔ እጄን አላስገባም።”
“ታዲያ ማን ያስገባ?”
“ባለሙያ ፈልጊ። ለፋሲካ የሚደርስልሽ ካገኘሽ!” ሳቀ።
እስከ ፋሲካ አልጋ ላይ ይቆይ? ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ስፌት ለክቼ ቆርጫለሁ። እንጨትስ ቢሆን የሚለካ አይደለም እንዴ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ፓንተሌይን ጠየቅኩት። ቧንቧው በየት በኩል ነው የሚሄደው? ያውቃል፤ ወለሉን ያነጠፈው እሱ ነው። መናገሩ ነው ያቃተው። ብዙ ታገለ። ከዚያ በግራ እጁ ብርጭቆውን አንስቶ ውሃውን ወለሉ ላይ ደፋው! ሆን ብሎ!
“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!” ጮህኩበት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።
እሱ ወደ ማሞቂያው ማብሪያ ጠቆመኝ። “እ... እይ።”
አበራሁት። ጠበቅን። ወለሉ መድረቅ ጀመረ... ግን በመስመር በመስመር! ቧንቧ ያለበት ቀድሞ ይደርቃል፣ ሌላው እርጥብ ይቆያል። ጭንቅላቱ ሙሉ ነው ባሌ! ግንባሩን ሳምኩት። የደረቀውን ተከትዬ በስፌት ጠመኔዬ አሰመርኩ። ውሃ እየጨመርኩ፣ እያደረቅኩ፣ ወለሉን ሁሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
የባንኮኒውን ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ነደፍኩ። ጎረቤቶች ባንኮኒውን ገለል አደረጉልኝ፤ ሥሩንም አርጥቤ የቧንቧውን መስመር አሰመርኩ። ከንድፉ ወደ ውስጥ፣ በባንኮኒው እንጨት ውፍረት ልክ ገብቼ አራት ሞራሌ እንጨት ደረደርኩ። ባንኮኒው እንደ ኮፍያ ከላያቸው ይገባል፣ ከዚያ በጎኑ በብሎን ይያያዛል። ስምንት ቀዳዳ። ሁሉም ከቧንቧው መስመር የራቀ።

የፓንተሌይ ድሪል ከበደኝ። ጫፉ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ። “አይ” አለ ፓንተሌይ ከወንበሩ፣ እጁን ቀስ አድርጎ ዝቅ እያደረገ። ቀስ በይ ነው። ቀስ አልኩ። ገባ። አቆምኩና ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። ውሃ ይሰማል? ምንም። አቧራ ብቻ።
ስምንቱም ደረቅ! እኔ ሴቭዴሊና በስምንቱም ብሎን የሚነክሰውን የፕላስቲክ ፊሸር ከተትኩ፣ ሞራሌዎቹን አሰርኩ፣ ባንኮኒውን አስጫንኩ፣ በጎኑ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቅኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9
ጣቶቼ መርፌ አይዙም። ደስ የሚል ሕመም።

መጋቢት 2
ኪሪል ለምሳ መጣ። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። በዳሌው ገፋው። ፊቱ ቀላ። ንቅንቅ የለም።
“ማነው የሠራልሽ?”
ፓንተሌይ በግራ እጁ ጠርዙን ይዞ ቆሟል።
“እሷ” አለ። ትንፋሽ ወሰደ። “እሷ ናት።”
ኪሪል አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሙን አየ። ሐይቁን ያነሳ የለም። ባቄላ ሾርባውን አቀረብኩ። “በል ቁጭ በል፣ ይደክምሃል” ብሎ ኪሪል ለወንድሙ ወንበር ሳበለት። ፓንተሌይ ወንበሩን በዓይኑ እንኳ አላየውም፤ ባንኮኒውን በወገቡ ተደገፈ። ሳህኑን እፊቱ ባንኮኒው ላይ አደረግኩለት።

እኛ ተቀምጠን በላን። እሱ ቆሞ።