አደራ በተሰሎንቄ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1999፣ ናይሮቢ
ዛሬም ያው ነው። ኢስትሊ ያለውን ሱቄን ከፈትኩ፣ በርበሬ መዘንኩ፣ ዘጋሁ። ማታ እህቴ ፋንቱ ኮረዳ ልጇን ማዕዶትን ይዛ ከሰፈሯ ከኪሌሌሽዋ መጣች። ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ጋር ግሪክ፣ ተሰሎንቄ ልንሄድ ነው... ከተማዋን ልንጎበኝ፣ የቅዱስ ድሜጥሮስንም በዓል ልናከብር። ፋንቱ እጄን ይዛ፣ "እትዬ፣ አደራሽን! ይዘሻት እንደሄድሽ ይዘሻት ነይ" አለችኝ።


ጥቅምት 11
ማዕዶት ተመልሳ እንደምትመጣ ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ቶሎሳ ዛሬም፣ "ባለፈው ጉዞ ሁለት ልጆች እዚያው ቀርተውብናል። አሁን አንድ ሰው ከጎደለ ዳግመኛ ቪዛ የሚባል የለም" አለኝ። እያየኝ።

ጥቅምት 14፣ ተሰሎንቄ
ከተማው ያምራል አሉ። እኔ የማየው ማዕዶትን ብቻ። አስጎብኚዋ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ትቀድማለች... ነጩ ግንብ፣ የሮማውያን ቅስት፣ የፈረሰ ገበያ። ባሕሩ እዚሁ ከመንገዱ ሥር ነው፣ አጥር እንኳ የለው።
ሆቴል ስንገባ ማዕዶት ሽንት ቤት ገብታ ዘግታ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። "ማነው?" ብላት፣ "ማይ ፍሬንድ ናት አክስቴ፣ ኡሲጃሊ!" አትጨነቂ ትለኛለች! ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ሥር ከተትኩ። ላብድ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 16

በዓሉ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። እኛ ሴቶቹ በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። አስጎብኚዋ "እዚህ አገር አያስፈልግም" ብትል ማን ሰምቷት! ውስጥ ማዕዶት ከዓይኔ ጠፋች። ክው አልኩ። እየተጋፋሁ ወደ በሩ ወጣሁ... ጫማዋ አለ። ተመስገን! በባዶ እግሯ የት ትሄዳለች? ተመልሼ ተሳለምኩ። ደግሞ ወጥቼ አየሁ። አለ።
ሁሉም ጫማውን አድርጎ ወጣ። የእሷ ብቻ ቀረ።
ቁልቁል ወደ ባሕሩ በሚወስደው በሌላኛው በር ወጥታለች። ጠዋት "ቦርሳሽ ምነው ከበደ?" ብያት ነበር... ሌላ ጫማ ይዛ ኖሯል። እኔ ቂሏ ጫማ ስጠብቅ! ስልኳ ዝግ ነው። ለፋንቱ ምን ብዬ ልንገራት? አምላኬ፣ ምን ብዬ?

ጥቅምት 19፣ ናይሮቢ
ፋንቱ አየር ማረፊያ ቆማ ነበር።  አፌን ሳልከፍት አቀፈችኝና፣ "ሹራብ ይዛለች?" አለችኝ።
ታውቅ ኖሯል!
"አደራሽን ያልሽኝስ?"
"ብታውቂ ፊትሽ ያሳብቅ ነበራ እትዬ። ጓደኛዋ አቴና ትቀበላታለች፣ አታስቢ።" ትስቃለች ደግሞ። በጥፊ ባልኳት! 

ጥቅምት 25
ቶሎሳ ቤተ ክርስቲያን አየኝና ፊቱን አዞረ። አልፈርድበትም።

ኅዳር 6
ማዕዶት እስካሁን አልደወለችም። የአቴናዋ ልጅም "እኔ ጋ አልመጣችም" ብላለች።
ፋንቱ ዛሬ ሱቅ መጣች። ከስታለች። ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጥግ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣
"እትዬ... ባሕሩ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው?"
"ሩቅ ነው" አልኳት። "በጣም ሩቅ ነው።"